ስልሳ ሳትቆጥሪ እንዳትጠጊ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መጋቢት 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሥራ ስገባ ተኝተሽ ስለነበር ልቀሰቅስሽ አልፈለግኩም። ለተማሪዎች የሮኬት ውድድር ስትለማመዱ ቅዳሜ የሆነውን አክስትሽ ነገረችኝ። ማስነሻውን ተጭነሽ ሮኬቱ አልነሳ ሲል ሮጠሽ ሄደሽ አጎነበስሽበት አለችኝ።

ሌሊት ተሳፋሪ ስጠብቅ የደህንነት ደንባችሁን በስልኬ አነበብኩት። አልነሳ ካለ መጀመሪያ የማስነሻው ቁልፍ ይነቀላል ወይም ባትሪው ይለያል፤ ከዚያ 60 ሰከንድ ማንም አይጠጋም። ስልሳ ሰከንድ፣ ልጄ!

ውድድሩ እንደሚጠይቀው ጥሬ እንቁላል በሮኬት 820 ጫማ አውጥቶ፣ ከ43 እስከ 46 ሰከንድ ባለው ጊዜ ሳይሰበር ማውረድ ምን ያህል እንደሚያለፋ አይቻለሁ። ባለፈው ወር በስፖንጅ የጠቀለልሽውን ከደረጃው ላይ ጥለሽ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንዳትኖረው በስልክሽ መብራት እያገላበጥሽ ስታዪው ኮራሁብሽ። ለእንቁላሉ እንዲህ ትጠነቀቂለታለሽ፤ ለፊትሽስ?

የአክስትሽ ግራ እጅ ላይ ያለውን ጠባሳ ሻይ ፈስሶባት ነው ስንልሽ ኖረናል። አይደለም። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት። ኮተቤ ሳለን እኔ አሥራ ሦስት፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እማዬ ገበያ ሄዳ ቡታጋዙ ጠፋ። ትንሽ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ አቃተኝና በትኩሱ ነጭ ጋዝ ጨመርኩበት። ቦግ አለ። እሷ ክብሪቱን ይዛልኝ አጠገቤ ቆማ ነበር። እማዬ ስትመጣ ራሷ ነካክታ ነው አልኳት። በተጠቀለለ እጇ ላይ ቁጣ ተጨመረባት፤ እሷ ግን አላጋለጠችኝም። እስከ ዛሬም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ቅዳሜ እንደዚያ የጮኸችብሽ ልታሳፍርሽ አይደለም። መኪና ውስጥ ገብታ እጇ እየተንቀጠቀጠ መንዳት አቅቷት ቆይታለች።

ስለዚህ አልነሳ ሲል ቁልፉን ንቀዪ፣ ስልሳ ቁጠሪ። ጓደኞችሽ ቢያጣድፉሽም ቁጠሪ። ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያወጣ ሌላ ባሩድ ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ።

ፀጉርሽን ወደ ኋላ እሰሪው። ፓራሹቱን እሳት እንዳይነካው የምታደርጊበትን ወረቀት አትርሺ፤ ጥቅሉ መሳቢያው ውስጥ ነው። ሮኬቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለ ተዪው፣ እንቁላሉም ቢሆን እዚያው ይቅር፤ ሌላ እንሠራለን። ነፋስ ከበረታ ደግሞ ወደ ቤት ተመለሱ።

የውድድሩ ፍጻሜ ግንቦት ላይ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዘ ፕሌንስ በምትባለው ከተማ ነው፤ ባታልፉም አልከፋም። አንቺ ግን ስልሳ ቁጠሪ።

የመጪውን ቅዳሜ ሥራ ትቼዋለሁ፣ እኔው አደርስሻለሁ። አልነሳ ካለ ሰዓቱን አብሬሽ እቆጥራለሁ። አክስትሽንም ይቅርታ ጠይቂያት፤ እኔም ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።

እንቁላሉ ፍሪጁ በር ላይ ነው። ጾም ስለሆነ የሚነካብሽ የለም።

አባትሽ