«ጀሶ ነው ብለን ጣልነው»፦ ለወንጀል ምርመራ ክፍል ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ደህና መሆንዎን ግን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በመኪና ሲገቡ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎት ለታይታ አይደለም። አራት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አራቱም ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው ገብተዋል። በጽሑፍ መልስ ያገኘ አንድም የለም። በቃል ከሆነማ «በክትትል ላይ ነው» የሚለውን ለቁጥር እስኪታክተኝ ሰምቻለሁ።

መዝገቡን አንብበው ከሆነ ታሪኩን ያውቁታል። ካላነበቡት ደግሞ አጭር ነው። ወንድሜ በአንድ የቅሪተ አካል ቁፋሮ ቦታ የሌሊት ጥበቃ ነበር። ከ11 ዓመት በፊት ቆፋሪዎቹ የአንድ ትልቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር የታችኛው መንጋጋ አገኙ። ከነጥርሱ። በመንገድ እንዳይሰባበር በጆንያ ጨርቅና በጀሶ ጠቀለሉት። በላዩ ላይ የመስክ ቁጥሩን ጻፉበት። ጠዋት መኪና ሊወስደው ነበር። ጠዋት መኪናው ሲደርስ መንጋጋው የለም። ወንድሜ ጥቅሉ በነበረበት ቦታ በደም ተነክሮ ወድቋል።

አጠገቡ ከጥቅሉ የተሰበረች የጀሶ ቁራጭ ነበረች። መዳፍ የምታህል። ጀሶ ነጭ ነው፤ ስለዚህ በላይዋ ላይ ያለው የደም አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ሬሳውን ለመለየት ተጠርቼ ስሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ወጣት መርማሪ ፊቴ ፖስታ ውስጥ ከተታት። «ደም ያለበት ጀሶ፣ ብዛት አንድ» ብሎ መዘገበ። ልጁ ሥራውን በሥርዓቱ ነው የሠራው፤ እሱን አልወቅስም።

አምና አሻራውና ደሙ እንደገና እንዲመረመር ልጠይቅ መጣሁ። ኤግዚቢት ክፍል፣ የማስረጃ ዕቃ የሚቀመጥበት ጋ፣ ላኩኝ። እዚያ ያለው ሰውዬ መዝገቡን አገላበጠ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይመስለው እንዲህ አለኝ፦ «እሱማ ጀሶ ነው ብለን ጣልነው። ክፍሉ ሲታደስ ከፍርስራሹ ጋር ወጣ።»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው። እንባው ደረጃው ላይ ነው የመጣው።

ክቡር ኃላፊ፣ ደንቡን ለእርስዎ አላስተምርም። የነፍስ ግድያ ኤግዚቢት በግንበኛ አካፋ እንደማይወገድ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ትዕዛዝ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ ፊርማ አለው። እንግዲህ የፈረመው ማነው? ሦስተኛውና አራተኛው ማመልከቻዬ የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነው።

በቃል ያገኘሁት ምክር ደግሞ አለ። አንድ የእርስዎ ባልደረባ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «እህቴ፣ ነገሩ እኮ ቆይቷል» አለኝ። ቆይቷል! ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት አልፏል፤ ስንቱ ሆዱ ውስጥ የቀረው ምግብ ሳይቀር ተመርምሮ ታውቋል። የወንድሜ 11 ዓመት ግን ለእናንተ ረጅም ሆነ።

እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1986 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገደለና የደፈረ ሰው የተያዘው በ2018 ነው። ሲያዝ ዕድሜው 72 ነበር። የዘረመል ናሙናውን ከሩቅ ዘመዶቹ ጋር አስተያይተው፣ የዘር ሐረጉን ቆጥረው ደረሱበት። ወንጀሉ ሲፈጸም እንዲህ ያለ ምርመራ አልነበረም። ናሙናውን ግን አንድ ሰው መደርደሪያ ላይ አቆይቶት ነበር። እናንተ ጋ መሣሪያው ሲመጣ ናሙናው ወጣ።

ይሄ ሁሉ አልፎ ዝም ልል ነበር። እናቴ እንኳ «በቃሽ» ብላኝ ነበር። ዘንድሮ ግን የቁፋሮው ቡድን መሪ ደወለልኝ። መንጋጋው በአንድ የጨረታ ካታሎግ ላይ ወጥቷል። «ከግል ስብስብ የተገኘ» ይላል ከሥሩ። የመስክ ፎቶውን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየኝ። ሦስተኛው ጥርስ በሰያፍ ተሰብሯል፤ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ እንደ መብረቅ ተጠማዞ ይወርዳል። በካታሎጉም ያው ነው። ሁለቱን ፎቶ ይዤ መጣሁ። መርማሪው አየት አደረገና «አጥንት ሁሉ ይመሳሰላል» አለኝ።

አይመሳሰልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ ታርቦሳውረስ የሚባል ትልቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር አጽም ለጨረታ ቀርቦ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጫረቱበት። አንዲት ሞንጎሊያዊት የቅሪተ አካል ተመራማሪ ግን እንስሳው ከጎቢ በረሃ የተወሰደ ነው ብላ ተነሳች። በሞንጎሊያ ሕግ ቅሪተ አካል የመንግሥት ሀብት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ክስ መሠረተ፤ በመዝገቡ ላይ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበው አጽሙ ራሱ ነበር። አስመጪው ጥፋቱን አመነ። አጽሙ በ2013 ወደ አገሩ ተመለሰ። መነሻው ደግሞ ዝም ያላለች አንዲት ሴት ናት።

ለዓይን አናምንም ካላችሁ ላቦራቶሪ አለ። አጥንት ከተቀበረ በኋላ ከከርሰ ምድር ውኃ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ይመጥጣል። የንጥረ ነገሮቹ መጠን እንደ ቦታውና እንደ አፈሩ ንብርብር ይለያያል። በጥርሶቹ መካከል የተጣበቀ ድንጋይ ከቀረማ ከጉድጓዱ አለት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጉድጓዱ አሁንም አለ። እሱን ማንም አልጣለውም።

ሻጩ ገዳይ ነው አላልኩም። ግን ከአንድ ሰው ገዝቷል። ያ ሰውም ከሌላ ሰው። ወረቀቱን ወደ ኋላ ቢከተሉት የሆነ ቦታ ላይ መንጋጋውን ያለ ወረቀት የተቀበለ ሰው ይገኛል፤ ያ ሰው ደግሞ ያቀበለውን ያውቃል። ይህን ለመገመት መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 ስቴጎሳውረስ የሚባል የአንድ ዳይኖሰር አጽም 44.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ገበያ ውስጥ ሰው ለመንጋጋ ሲል ሊገድል እንደሚችል ለመጠርጠር 11 ዓመት ይፈጃል?

እናንተ «የተሰረቀው ቅርስ ነው፣ ወደ ቅርስ ሂጂ» አላችሁኝ። ቅርስ ሄድኩ። «ሰው ስለሞተበት ወደ ፖሊስ ተመለሺ» አሉኝ። አጥንቱን በአንድ በር፣ ወንድሜን በሌላ በር ሸኛችሁልኝ።

ከአንድ ነገር በቀር ሁሉንም ልተው እችላለሁ። መዝገቡ ላይ «ሟች ከሌቦቹ ጋር ሳይተባበር አይቀርም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ማስረጃ የለውም። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። እናቴ ግን ከጎረቤት ሰምታዋለች። ንጹሕ መሆኑን ታሳይ የነበረችው አንዲት የጀሶ ቁራጭ ነበረች፤ እሷን ጥላችሁ ዓረፍተ ነገሩን አስቀመጣችሁት።

ጨረታው ሳይደርስ እንዲታገድ በሕጋዊ መንገድ ይጠይቁ። ሻጩ ከማን እንደገዛ ይጠየቅ። ጀሶው እንዲወገድ የፈረመውን ሰው ስም በጽሑፍ ይስጡኝ። ያ ዓረፍተ ነገር ከመዝገቡ ይውጣ፤ ካልሆነም የጻፈው ሰው ስሙን ከሥሩ ያስፍር።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁለቱን ፎቶዎች ይዤ እመጣለሁ። ለአምስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ኮፒውን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ዋናውን ግን ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም። ግምጃ ቤታችሁን መቼ እንደምታድሱት አላውቅም።

የሟች እህት