4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ የእንቆቅልሽ ዓምድ 4,294,967,297ን ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ሳይተርፍ የሚያካፍለው የሌለ) ብሎታል። የተሰጠው ምክንያት ከ2 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች አንዱም ሳይተርፍ አያካፍለውም የሚል ነው። እሱስ ልክ ነው። ግን 100 ላይ ማን አቁሙ አለ? ብቸኛ ለማለት እስከ ዳግም ዘሩ፣ እስከ 65,536 ድረስ አካፋይ መታጣት አለበት። ቁጥሩ 641 × 6,700,417 ነው።

ለነገሩ የዋዛ ቁጥር አይደለም፤ የሒሳብ ሊቁን ፈርማንም አሳስቷል። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ናቸው። ከእያንዳንዱ 1 ቀንሰን፣ ቀሪውን በራሱ አባዝተን 1 ስንጨምር ተከታዩ ይገኛል። ፈርማ በዚህ መንገድ የሚመጡት ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ስድስተኛው ግን ይኸው ቁጥር ነው፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. በ641 እንደሚካፈል አሳየ።

641 በዕድል የተገኘ አይደለም። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ሉካ በ1878 እ.ኤ.አ. 64ን በ128 ስለተካው ከእነዚህ ውስጥ 257 እና 641 ብቻ ይቀራሉ።

ስምንት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ካልኩሌተር ላይ ባለ 10 አሃዙ ቁጥር አይገባም። መፍትሔው ቁጥሩን ትቶ ቀሪውን ይዞ መሄድ ነው። 256 × 256 = 65,536። ከዚህ 641 × 102 = 65,382 ሲቀነስ 154 ይተርፋል። 154 × 154 = 23,716፤ ከዚህም 641 × 36 = 23,076 ሲነሳ 640። የኛ ቁጥር 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 የተጨመረበት ነውና 640 ላይ 1 ስንጨምር 641 ይሞላል፤ ቀሪ የለም።

6,700,417ስ? ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ነው። የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ የሉካ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ እስከዚያ ድረስ የሚሞከሩት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ስለሆኑ 6,700,417 በእርግጥ ብቸኛ ነው። አምስት ማካፈል ብቻ!

በኮምፒውተር ለሚሞክሩ ተማሪዎች ሁለት ወጥመዶች አሉ። ነጌቲቭ የማይቀበል ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ጣሪያው 4,294,967,295 ነው፤ 65,536ን በራሱ አባዝቶ 1 የሚጨምር ፕሮግራም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 1 ብሎ ይመልሳል። በ64 ቢት ይሥሩት። ሁለተኛው፣ የፈርማ ፈተና (አንድ መነሻ ቁጥር ከሚፈተነው ቁጥር በ1 ባነሰ ኃይል ከፍ ብሎ ለሚፈተነው ቁጥር ሲካፈል 1 መትረፉን የሚያይ ፈተና) በ2 ብቻ ከተሞከረ ይህን ቁጥር ያሳልፈዋል፤ በ3 ሲሞከር ግን ይጥለዋል።

በሚቀጥለው እትም መልሱ ቢታረም፣ ስሌቱም አብሮ ቢታተም መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር