አንድ ጥንድ ስንሸጥ አንድ ጥንድ ለምን አንለግስም?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ ከአሜሪካ የምታዙን፣ «እናንተስ አንድ ጫማ ስትሸጡ ለምን አንድ ለችግረኛ ልጅ አትሰጡም?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። በግልጽ እንመልስ።

ይህን አሠራር በዓለም ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው የአሜሪካው የጫማ ኩባንያ ቶምስ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ጫማ አድሏል፤ እኛም አገር ደርሷል። የጫማን ጥቅም ማጣጣል አንፈልግም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ በእግር ዝሆኔ ሊያዝ ይችላል። ጫማ ከዚህ ያድናል።

ግን ማስታወቂያው ላይ ሁሌ የምናየው ጫማ የሚቀበለውን ልጅ ነው። የሰፋችው ሴት የለችም። በወር ስንት ታገኛለች? የማስቲሹ ሽታ የሚወጣበት በቂ መስኮት አለ? ያመሸችበት ሰዓት ይታሰብላታል? ልገሳው ልባችንን ስለሚያሞቀው እነዚህን መጠየቅ እንረሳለን። የሚያሳስበን ይሄ ነው። ደግሞም ነፃ ጫማ በገፍ ሲገባ የሰፈሩ ጫማ ሠሪ ገበያ ያጣል። ቶምስም ትችቱ ሲበዛበት እ.ኤ.አ. በ2013 ከሚለግሳቸው ጫማዎች ሲሶውን በሚለግስባቸው አገሮች ለማሠራት ቃል ገባ። በ2019 ደግሞ የጥንድ በጥንድ አሠራሩን መተው ጀመረ።

የደመወዝ ነገር እኛም አገር ከባድ ነው። በዚያው 2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ። ያኔ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። እዚያ የሚሰፋው ልብስ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ምን ይተርፋል?

ስለዚህ እኛ ከሠራተኛው ጀመርን። የምንከፍለው በጥንድ ሳይሆን በወር ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝም ደመወዝ አይቋረጥም። የትርፍ ሰዓት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ይታሰባል፤ በቀን ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ዋጋችን ከመርካቶው ትንሽ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ስንለግስም ከትርፋችን እንለግሳለን፤ የሕፃን ፎቶ ግን ለሽያጭ አንጠቀምም።

ቃላችንን ብቻ አትመኑ። አዲስ አበባ ስትመጡ ወርክሾፓችን ጎራ በሉና ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠይቋቸው። እስክትጨርሱ እኛ ውጭ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የጫማ ቤታችሁ