የምስጋና መልእክት፦ ለጡረተኛ ባልደረቦቼ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት «የጡረተኞች ማኅበራችን ግባ» ስትሉኝ አሹፌ ነበር። «ዕድር አለኝ፤ ደግሞ ከሽማግሌ ጋር ተቀምጬ የኮሌስትሮል ወሬ ልስማ?» ብያለሁ። ያኔ 60 ሞልቶኝ ነበር፤ ሽማግሌ ግን ሌላው ሰው ነው።

ከዚያ መዘዙ መጣ። እኔ ዓለማያ የገባሁት በ1974 ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ» ይላል። በ1977 ኮሌጁ ራሱን ችሎ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቆይቶ «እርሻ» የምትለዋ ወደቀች። በ1998 ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ፤ ወንበሬ እንኳ አልተቀየረም። የጡረታ ቢሮው መስኮት ላይ ያለው ልጅ ግን «ከአራቱም መሥሪያ ቤቶች ክሊራንስ ያምጡ» አለኝ። የቅጥር ደብዳቤዬም ማኅተሙ ደብዝዟልና አላመነውም።

ስምንት ወር ያለ ጡረታ አበል! ለማንም አልተነፈስኩም። ባለቤቴ ግን ቡና ላይ ለአንዷ ሹክ ብላ ኖሮ፣ በማግስቱ ሦስት የማኅበሩ ሰዎች ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ድረስ መጡ። ጤፍና ዘይት ይዘዋል። አንድም ቀን መዋጮ ያልከፈልኩ ሰውዬ፣ የምገባበት ጠፋኝ።

የድሮው ሹፌራችን በገዛ መኪናው የደንገጎን ዳገት ይዞን ወደ ሐረማያ ወጣ። ድሬ ሙቀት ለምዶኝ ጃኬት አልያዝኩም፤ የራሱን አለበሰኝ። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ገብተን ሁለት ቀን አቧራ በላን። የዱሮዋ ታይፒስታችን፣ ሰባን ያለፉት እትዬ፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርበው ፋይል ሲገልጡ ቆዩና ድንገት ጮኹ። «አቦ! ይቺ የእኔ የጽሕፈት መኪና ናት! «ማ»ዋን እዩዋት!» እውነትም «ዓለማያ» በተጻፈበት ሁሉ «ማ» ከመስመሯ ትንሽ ዘላ ወጥታለች። የእኔው ደብዳቤ ላይም እንደዚያው። አርባ ዓመት ሳጥን ውስጥ ሳስቀምጠው አንድም ቀን አላየኋትም። የቅጥሬ ቅጂ ከነማኅተሙ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። አራቱ ስም አንድ ግቢ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ አበሌም ከነውዝፉ ገባ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስም እንዳልጠራ አስጠንቅቃችሁኛል፤ እሺ። አቧራውን አብረውን የበሉትን የመዝገብ ቤት ልጆችም አመሰግናለሁ። የሰፈሬ ባለሱቅም እንዲሁ፤ የዱቤ ደብተሩን ስምንት ወር ሙሉ ፊቴ ገልጦት አያውቅም።

እሁድ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ሥር እመጣለሁ። መዋጮዬን ከነቅጣቱ አስቡልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው። ኮሌስትሮሌንም ተለክቻለሁ። ከፍ ብሏል፤ የማወራው አላጣም።