የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ስለ ዘይት

ዘንድሮ ክበባችን ውስጥ ከምንም በላይ የተወራው ስለ ዘይት ነው። ሰበቡ ውጭ አገር ያለ የቀድሞ ተማሪያችን የላከልን የሞዴል ባቡር ነው። መጠኑ የእውነተኛው 1/87 ሲሆን በ12 ቮልት ይሠራል። ጎጃም ውስጥ ሐዲድ ስለሌለ፣ ለብዙዎቹ የደብረ ማርቆስ ልጆች በዓይናቸው ያዩት የመጀመሪያው ባቡር ይኸው ነው።

ዕቃው ግን አርጅቷል። ሲበራ ድምፅ ያሰማል እንጂ ንቅንቅ አይልም። «ዘይት ጠምቶት ነው!» አሉ ልጆቹ። የትኛው ዘይት? አንዱ ከቤቱ የኑግ ዘይት ይዞ መጣ። ሌላው ከባጃጅ ጋራዥ የሞተር ዘይት ለመነ። አባቷ ልብስ ሰፊ የሆነች ልጅ የስፌት ማሽን ዘይት አመጣች። ቫዝሊን ያመጣም አልጠፋም።

ባቡሩን ከመንካታችን በፊት ሁሉንም መስታወት ላይ ጠብ ጠብ አድርገን መስኮቱ ሥር አስቀመጥን። ከሳምንታት በኋላ ኑጉ እንደ ሙጫ ጣት ይይዝ ጀመር። አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዘይት ነውና ለወጥ እንጂ ለሞተር አይሆንም። የሞተር ዘይቱ አልደረቀም፤ ግን ለዚህች ሚጢጢ ሞተር ይወፍራል። ቫዝሊኑ የክፍሉን አቧራ ሰብስቦ ጠቆረ። የስፌት ማሽኑ ዘይት ቀጭንና ንጹሕ እንደሆነ ቆየ። ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ፣ መጀመሪያ የተሰበረ ፉርጎ ላይ ሞከርነው። ምንም አልሆነም።

ባቡሩን በካቻቢቴ ስንፈታው አክስሉ ላይ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞ አገኘን። በመቆንጠጫ ለቅመን አሮጌውን ቅባት በአልኮል ጠረግን። ዘይቱን በመርፌ ጫፍ፣ አክስሉ በሚሽከረከርበት ቦታ ብቻ ጠብ አደረግን። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። የልጅ እጅ ቸር ነው፤ ሁሉንም ማራስ ይፈልጋል! የሞተሩ ካርቦን የሚነካው ኮሙቴተር (ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል የሚያስገባው የመዳብ ቀለበት) ግን ዘይት ከነካው ይቆሽሻል፣ ኤሌክትሪኩም በደንብ አያልፍም። ሐዲዱም እንደዚያው፦ ዘይት ከፈሰሰበት ጎማው ይንሸራተታል። ለማርሾቹ ጥርሶች ደግሞ ቀጭን ዘይት ተፈናጥሮ ስለሚያልቅ ነጭ ግራሶ ቀባን።

የወላጆች ቀን ባቡሩ ፉርጎዎቹን እየጎተተ ሲዞር ዋለ። ችግኝ ተከላውንና የጥያቄና መልስ ውድድሩን ሁላችሁም ስላያችሁት አልደግመውም።

ግራሶውን የለመንነው ከአንድ ፕሪንተር ጠጋኝ ነበር፤ አልቋል። ለክረምት አዲስ አበባ የሚሄድ መምህር ወይም ወላጅ ካለ፣ ለፕላስቲክ እንደሚስማማ የተጻፈበትን አይቶ አንድ ትንሽ ቱቦ ይግዛልን። ሒሳቡን ክበቡ ይከፍላል።