ይድረስ ለማሂ፣ ኦታዋ

ቶሮንቶ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ማሂዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጠፍቼብሻለሁ፣ ሰበብ አልደረድርም። ኦታዋ መግባትሽን ከእህትሽ ሰማሁ። ያን ሁሉ ዓመት ባንክ ሠርተሽ መጥተሽ «የካናዳ ልምድ የለሽም» እያሉ እንደሚመልሱሽም ነገረችኝ። አንጀቴ ነው ያረረው።

የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እኮ ይህን ነገር አድልዎ ነው ካለ ቆየ፤ በፈረንጆቹ 2013 ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የካናዳ ልምድን በሥራ ማስታወቂያው ላይ መጠየቅ አይችልም። ከወረቀቱ ወጣ እንጂ ከሰዎቹ ልብ መች ወጣ! ኢንተርቪው ላይ ዞሮ ይመጣል። የሚፈልጉት እዚሁ አገር ሆኖ ስልክ አንስቶ «አዎ፣ አውቃታለሁ፣ ጎበዝ ናት» የሚልልሽ ሰው ነው።

ላንቺ ሙያ ደግሞ ጥሩ በር አለ። የካናዳ ገቢዎች ከማኅበራት ጋር የሚያካሂደው ነፃ የታክስ ክሊኒክ አለ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የዓመቱን የታክስ ቅጽ የሚሞሉላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የፖሊስ ማጣሪያ ታወጫለሽ፣ ሥልጠናውንም ሶፍትዌሩንም በነፃ ይሰጡሻል። ብዙዎቹ የሚከፈቱት ማርችና ኤፕሪል ላይ ስለሆነ አሁኑኑ ተመዝገቢ። ሆቴል የምታጸዳ እናት ቲ-ፎሯን፣ ማለትም ቀጣሪዋ የሚሰጣትን የዓመት ገቢና የታክስ ወረቀት፣ በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ሣጥን 14 ገቢዋ ነው፣ ሣጥን 22 የተቆረጠባት ታክስ። አንቺ የደመወዝ ግብር ስታሰሊ የኖርሽ ሰው ቶሎ ይገባሻል። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራት ሴትዮ በአማርኛ ስታስረጂላት የክሊኒኩ አስተባባሪ ታይሻለች። ስልክ ሲደወልላት የምትመሰክርልሽ ሪፈረንስሽ እሷ ናት። ኢንተርቪው ላይም የምታወሪው የካናዳ ሥራ አለሽ ማለት ነው።

አትራፊ ድርጅት «ልምድ እንድታገኚ በነፃ ሥሪልን» ካለሽ ግን ውልቅ ብለሽ ሂጂ። እነዚህ ብልጦች ናቸው።

የዌርሃውስ (የመጋዘን) ሥራ ካገኘሽ ግቢ፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ብቻ የማታ ሽፍት ጠይቂ። ቢሮዎች ክፍት በሚሆኑበት ሰዓት ተኝተሽ እንዳትውዪ አንድ ሁለት ቀን ነፃ አድርጊ። «ዲግሪሽን ከሲቪሽ ላይ አውጪው» የሚሉሽም አይጠፉም። ለዌርሃውሱ አውጪው፣ ግድ የለም። ለሙያሽ ግን ሌላ ሲቪ ይኑርሽ፣ ባንኩን ከላይ አድርጊው። ዲግሪሽም በካናዳ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን አስገምግሚ፤ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ ጀምሪው።

ሲቪውን በቴሌግራም ላኪልኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እደውልልሻለሁ፣ ቁጭ ብለን መስመር በመስመር እናየዋለን።

ያንቺው ሄለን