ጥናቱ ምንጭ እንዲሆን፦ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመስክ ቡድኖች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጎንደር ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ከጤና ኮሌጁ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ከዚህ ተቋም ለተመረቃችሁ ሁሉ፣ በውጭ አገር ለምትገኙ ወገኖቻችን፤

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለቲቲፒ ወደ ደምቢያ ወጣን። ያለፈበት ሰው ቲቲፒን ያውቀዋል። ላላለፈበት ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተመራቂ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ባለ ጤና ጣቢያ ለሳምንታት ይቀመጣሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሕዝቡን የጤና ችግር ያጠናሉ፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከዚያም አቅማቸው የፈቀደውን ለመፍታት ይሞክራሉ። ከደረሱኝ ቤቶች አንዱ የአንዲት አረጋዊት ቤት ነበር። መጠይቁን ዘርግቼ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቅኋቸው።

«ከምንጩ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «አምናም እንዳንተ ያለ ልጅ መጥቶ ጠይቆኛል። ካቻምናም አንዲት ልጅ ጽፋ ሄዳለች። ምንጩ እንደሆነ እዚያው ነው።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ቡና እያፈሉልኝ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ብዕሬን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ከሰዓት ወርደን ምንጩን አየነው። ከብቱም ሰዉም ከአንድ ጉድጓድ ይጠጣል፣ ከላይ ያለው ማሳ እበቱንና አፈሩን ወደ ውስጥ ይለቅበታል፣ ልጆች በነጠላ ጫፍ አልቅት እያጠለሉ ይቀዳሉ። በቡድናችን ዝርዝር አንደኛ ሆኖ ወጣ። ከኪሳችን አዋጥተን ሲሚንቶ ገዛን። የቀበሌው ሰው በደቦ ወጥቶ ድንጋይ ፈለጠ፣ አሸዋ በአህያ አጋዘ። ግድግዳው ጉልበት ላይ ሳይደርስ ሲሚንቶው አለቀ። የመመለሻችን ቀን ደረሰ። ሪፖርታችንን አቀረብን፣ ጥሩ ውጤትም አገኘን። ግድግዳው ክረምቱን እንዳላለፈ የሰማሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ያ ግማሽ ግድግዳ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ ከቀድሞ የትምህርት ጓደኞቼ ጋር በፊታችሁ ያቆመንም እሱ ነው።

የምንጠይቃችሁ ለተማሪ ቡድኖቹ የሚሆን፣ ሁልጊዜ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ የዕቃ ክምችት እንድናቋቁም ነው። ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ብረት፣ የሽቦ አጥር፣ የማጓጓዣ ነዳጅ። ቡድኑ አጥንቶ «ቀዳሚው ችግር ይህ ነው» ባለበት ሳምንት ዕቃው ቦታው ላይ እንዲገኝ።

ይህ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደተወለደ ማስታወስ እዚህ ላይ ይገባል። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ሐኪም የለም፣ ነርስ የለም፣ ሕዝቡን ከበሽታው የሚጠብቅ ባለሙያም የለም። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከሉን ጎንደር ላይ ከፈተ። የተከፈተው ለ3 ሙያዎች ነበር፦ 3 ዓመት ለሚማር ጤና መኮንን፣ 2 ዓመት ለምትማር የማኅበረሰብ ነርስና ለ1 ዓመት ሠልጣኝ ሳኒተሪያን። እነዚህ ሦስቱ ተለያይተው ተምረው ኋላ ሥራ ላይ እንዲገናኙ አልተደረገም። ገና ተማሪ ሳሉ በቡድን ገጠር ወርደው አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሳኒተሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ቲቲፒ የዚያ አሠራር ልጅ ነው። ትልልቆቻችን የደምቢያዋን ከተማ ቆላ ድባን ሲያነሡ ዛሬም ዓይናቸው የሚበራው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተቋሙ ብዙ መንገድ ሄዷል። በ1970 ዓ.ም. ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሕክምና ግቢው ብቻ የነበረው ተቋም ዛሬ ማራኪ አለው፣ ቴዎድሮስ አለው፣ ፋሲል አለው፣ ጠዳ አለው። ሕግ፣ ግብርና፣ ምሕንድስና፣ ቢዝነስ፣ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ሆስፒታሉ ከሰሜን ተራሮች ሥር እስከ መተማ ቆላ ድረስ ያለ ሕዝብ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣበት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይ ጎንደርን ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር መድቦታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ተቋም የሚመራ ሰው ጠረጴዛ ላይ ምን ምን እንደሚደራረብ አስቡት። ፕሬዚዳንቱም ምክትሎቻቸውም ቦርዱም ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲነድፉ በፊታቸው ያለው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው፣ የተማሪ መኝታና ምግብ ነው፣ በዚህች ውኃ በሚቸግራት ከተማ የውኃ አቅርቦት ነው፣ መምህራንን ማቆየት ነው፣ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የወጣውና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ የሆነበት የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ደግሞ ሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች ገቢያቸውን ራሳቸው ስለማመንጨት እንዲያስቡ አድርጓል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ተው ማለት አይቻልም። በቦታቸው ብንሆን እኛም የምንጽፈው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የመንግሥት በጀት ጠባይ ላይ ነው። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል፤ ከዓመት በፊት በፕሮግራምና በኮድ ተለይቶ ይያዛል፤ ግዥውም ጨረታ፣ ማወዳደሪያና ፊርማ አለው። ያ ሥርዓት የሕዝብ ገንዘብ መጠበቂያ ነውና ይኑር። ነገር ግን ተማሪው መስክ የሚቆየው ሳምንታት ነው። የአንድ ቀበሌ ቀዳሚ ችግር ምንጭ ይሁን መጸዳጃ ወይም የወባ ኩሬ ማፋሰስ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም አያውቀውም፤ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ከዓመት በፊት በኮድ አይያዝም። ጥናቱ ሲያልቅ የቀረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። እዚያች ሁለት ሳምንት ላይ የሚደርስ ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና እንዲወጣ መጠበቅ ተገቢም አይመስለኝም። እሱ የኛ ድርሻ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «የምርምር ዩኒቨርሲቲ ምንጭ ማጎልበት ውስጥ ምን አገባው?» ብለውናል። በሐሳቡ አልስማማም፤ ምክንያቴን ልናገር። ጎንደር ስሙ በዓለም ከሚጠራባቸው ምርምሮች አንዱ የካላዛር በሽታ ነው። ያ ምርምር የተነሣው ከደጋ ወርደው በመተማና በሑመራ ሰሊጥ ማሳ ላይ ሌሊቱን ሜዳ አድረው፣ በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው፣ ሆዳቸው አብጦና ከስተው ከሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ነው። ዳባት ላይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ የቆየው የጥናት ጣቢያም የቆመው የገበሬው ቤተሰብ በሩን ስለከፈተለት ነው። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላል ሰዉ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጥያቄ ሥሩ ቀበሌው ውስጥ ነው። መልስ ሳይሰጥ በየዓመቱ የሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ አንድ ቀን የሚከፍትለት በር ያጣል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ገንዘባችሁ ምን እንደሚሆን በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ።

ምንጭ የሚጎለብተው በበጋ ነው፤ ውኃው በጣም በቀነሰበት ጊዜ ሲለካ ነው እውነተኛ መጠኑ የሚታወቀው። መጀመሪያ ከላይ ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል። ከዚያ የምንጩ ዓይን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይቆፈራል፣ ጭቃው እስኪያልቅና ውኃው ከዐለት ወይም ከጠጠር ሲፈልቅ እስኪታይ ድረስ። ዓይኑ በታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይሞላል፣ ከፊቱ የድንጋይ ግንብ ይገነባል፣ በግንቡ ውስጥ መቅጃ ቧንቧና የትርፍ ውኃ ማስወጫ ይገባል፣ ከላይ በሸክላ አፈር ይደፈናል። ዙሪያው ይታጠራል። ከታች ደግሞ የከብት ማጠጫ ገንዳ ይሠራል። ይህች ገንዳ ትርፍ ነገር እንዳትመስላችሁ፤ ገንዳ ከሌለ እረኛው አጥሩን ይከፍተዋል፣ ጥፋቱም የእረኛው አይደለም። ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ጉልበቱ ከቀበሌው ሕዝብ ነው። ሲሚንቶው፣ ቧንቧው፣ ብረቱ፣ የግንበኛው ክፍያና መኪናው ከእናንተ።

መጸዳጃ ላይ ያለውን ችግር የደምቢያ ሰው ከኛ በላይ ያውቀዋል። ሜዳው ዋልካ አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ጉድጓዱን ይዞት ይወርዳል። «ገበሬው መጸዳጃ አይጠቀምም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ እኔም ጽፌዋለሁ፤ ጉድጓዱ ሁለት ክረምት ተንዶበት የተወ ሰው መሆኑን ሳልጠይቅ። ስለዚህ ለዋልካ አገር ጉድጓዱ ከአፉ ጀምሮ በድንጋይ መደገፍ አለበት፣ ላዩም ታጥቦ የሚጸዳ የሲሚንቶ ንጣፍ ይፈልጋል። ንጣፉን የሚያወጣ ቅርጽ አንድ ጊዜ ከተሠራ ለብዙ ቀበሌ ያገለግላል።

በመጀመሪያው ዓመት የምንጀምረው በ3 ቦታዎች ብቻ ነው። ከተቻለ አንደኛው የዚያች አረጋዊት ምንጭ እንዲሆን ተስማምተናል። ወቅቱ ከባድ እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ መንገድ በማይፈቅድበት ጊዜ ተማሪ እንዲንቀሳቀስ አንገፋፋም። ቡድኖቹ የሚመደቡበትን ቦታ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ እኛ የምንከተለው ቡድኑ ወዳለበት ነው።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ። ከመካከላችን ማንም በግል ሒሳቡ አንድ ብር አይቀበልም። የጋራ ሒሳቡ በ3 ፈራሚዎች ይንቀሳቀሳል፤ የሒሳብ ቁጥሩም በየባቹ ተጠሪና በየእድሩ ዳኛ በኩል በጽሑፍ ይደርሳችኋል። በስልክ ደውሎ ወይም በቴሌግራም ጽፎ በግል ሒሳብ እንድታስገቡ የሚጠይቃችሁ ካለ ከኛ አይደለም፤ እባካችሁ አትላኩ። ዕቃ ሲገዛ የጤና ጣቢያው፣ የቀበሌው የውኃ ኮሚቴና የተማሪ ቡድኑ ተወካይ ተረክበው ይፈርማሉ። ደረሰኙ ሥራው በተሠራበት ቀበሌ ይለጠፋል፣ ቅጂው ለሁላችሁም ይላካል። የኮሚቴው አባላት አበል አንወስድም።

መደበኛ መዋጮው በወር 100 ብር ነው፤ ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም በደስታ እንቀበላለን። አንድ ባች በጋራ አንድ ምንጭ ሙሉውን ልቻል ቢል ደግሞ ለኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ተመራቂ ያልሆናችሁ የጎንደር ሰዎችም ብዙ ትችላላችሁ። አዘዞና ፒያሳ የግንባታ ዕቃ የምትነግዱ፣ በመግዣ ዋጋ ብትለቁልን ከገንዘብ አይተናነስም። ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ያላችሁ፣ ወደ ቆላ ድባ ወይም ማክሰኝት ባዶ በምትሄዱበት ቀን ጫኑልን። ግንበኞች፣ የሁለት ቀን ጉልበታችሁን ስጡን፤ ተማሪዎቹ መሥመር መወጠርና ቱምቢ መያዝን ከእናንተ ይማሩ። በውጭ ያላችሁ፣ በየዓመቱ ለጥምቀት ስትመጡ ከምታወጡት ላይ ትንሽ ለይታችሁ ብታስቀምጡልን የአንድ ቡድን ቧንቧ ይሆናል።

ለዩኒቨርሲቲው አመራርም አንድ ልመና አለን፤ ገንዘብ አይደለም። በሚቀጥለው ስትራቴጂክ ዕቅድ ውስጥ፣ በማኅበረሰብ አገልግሎት ሥር፣ አንድ አመልካች ይጨመርልን። ስንት ቡድን ወጣ፣ ስንት ቤት ተጠየቀ የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ ቡድኑ ለይቶ ካስቀመጠው ችግር ስንቱ ተሠርቶ ተረከበ፣ ከ1 ዓመት በኋላስ ስንቱ አገልግሎት ላይ ነው የሚል። በዕቅድ ውስጥ የሚቆጠር ነገር ጠያቂ ያገኛል። ያኔ አዲሱ ቡድን ሲወርድ የአምናውን መዝገብ ይዞ ይወርዳል፣ ያልተጨረሰውን ይጨርሳል፤ ከባዶ መጠየቅ አይጀምርም። እኛም ለምናመጣው ዕቃ ቁጥጥር ይሆንልናል።

ሲሚንቶ በክረምት ይበላሻልና ቀድመን ገዝተን ማከማቸት አንችልም፤ ቧንቧውንና ብረቱን ግን ከአሁኑ እየገዛን ማስቀመጥ እንፈልጋለን። ስለዚህ ቆላ ድባ፣ አዘዞ ወይም ማክሰኝት ላይ ጣሪያው የማያፈስ፣ በር የሚቆለፍ አንድ ክፍል ያለው ሰው ካለ፣ በመጀመሪያ የምንፈልገው እሱን ነው። ለባቹ ተጠሪ ወይም ለእድሩ ዳኛ ይንገርልን፤ መጥተን እናየዋለን።